የ4 ሪያል ከ500ዋ ማይክሮስኮፕ እና የሙስካት አረንጓዴ ባህር

ቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ዕቃው አሻንጉሊት ነው። በኋላ "አታለልሽን" እንዳትሉኝ። በስልኬ ያዘዝኩት የኪስ ማይክሮስኮፕ ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ ነው። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ይበልጣል። ለልጅ ልደት የሚሰጥ ዓይነት ነገር። 4 የኦማን ሪያል ከ500 ባይሳ ከፈልኩበት፤ በዶላር 12 አይሞላም። የድርጅቱን ስም አልጽፍም፤ ብጽፈውም አይጠቅማችሁም። ሳጥኑ ላይ ያለው ስምና ዕቃው ላይ ያለው ስም ራሱ አይገጥምም። አንዱ ዕቃ በአሥር ስም ነው የሚሸጠው።

ሦስት ወር ተጠቀምኩበት። ተናድጄበታለሁ፣ አንዴ ወርውሬዋለሁ (አልጋ ላይ፣ አትፍሩ)፣ አንዴ ደግሞ በሱ ምክንያት እንቅልፍ አጥቼ አድሬያለሁ። የምጽፈው ስለዚህ ሁሉ ነው።

ደሴ ውስጥ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አሁን ሙስካት ልጅ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወደዚህ እንዴት እንደመጣሁ ሌላ ታሪክ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ሁለት ማይክሮስኮፕ ነበረው። አንዱ መስታወቱ የተሰበረ፣ ሌላው ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ። አንድ ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ ይቀመጣል። ስለዚህ ሴል ማለት ለነሱም ለኔም ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምሥለው ክብ ነገር ነበር። ይህን ዕቃ ሳየው ርካሽነቱ ብቻ አይደለም የሳበኝ። ቁልፉ እኔ ጋ መሆኑም ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት መሣሪያው አለ፣ ስልክ ላይ የሚገጠም ክሊፕ አለ፣ ሦስት ትንንሽ የሰዓት ባትሪ፣ ጥቁር የጨርቅ ከረጢት። መመሪያ ወረቀትም አለው። ማን እንደተረጎመው እንጃ፣ አንድ ቦታ ላይ "ሌንሱን አትብላ" ይላል። ውሃ ማያ የሚሆን ስስ መስታወት፣ ስላይድ የሚባለው፣ የለውም፤ አንድ እንኳ። ማይክሮስኮፕ ሸጦ ስላይድ አለመስጠት ጀበና ሸጦ ሲኒ እንደመከልከል ነው።

"ከ60 እስከ 120 እጥፍ ያጎላል" ተብሎ ተጽፏል። አስተማሪ አይደለሁ፣ አላመንኩም። የልጁን ማስመሪያ ከሥሩ አስገባሁ። ዝቅተኛው ላይ ክቡ ውስጥ የሚታየው ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከፍተኛው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። ማጉላቱ 120 ይሁን 80 ክርክር ውስጥ አልገባም። ዋናው ነገር፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር የክቡን ግማሽ ይይዛል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

መጀመሪያ ያየሁት የማንኛውም ሰው ነው፦ ጨው፣ ስኳር፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሞተ ትንኝ። ከቤት የተላከልኝን በርበሬም አየሁ። ቀይ ድንጋይ የተበተነበት ሜዳ ይመስላል፤ ምንም ክፉ ነገር አላገኘሁበትም፣ እግዜር ይመስገን። ጎኑ ላይ ሐምራዊ መብራት አለው፣ ገንዘብ ፎርጅድ መሆኑን ለማወቅ ነው ይላሉ። ደሞዜን አየሁበት። ትክክለኛ ነው፤ ያነሰ ብቻ ነው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ ረሳሁት። የየካቲት አንድ አርብ ነው ነገሩን የቀየረው።

ልጁን ይዤ ቁሩም ባህር ዳር ወረድኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ጥያቄው አያልቅም። ባህሩ አረንጓዴ ሆኗል። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ እንዳይመስላችሁ። ጎመን ተቀቅሎ የተደፋበት ውሃ ነው የሚመስለው። ዳሩ ላይ ያለው አሸዋ ሙልጭልጭ ይላል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው አጠገብ ተቀምጠው መረባቸውን ያጥባሉ። "ዛሬ ዓሣ አለ?" ብል እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ የለም።

ልጁ "ማን ቀባው?" አለኝ። ባዶ ሃይላንድ ይዘን ስለነበር ሞልተን ይዘን ተመለስን። መኪና ውስጥ ሃይላንዱን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። ውሃው ራሱ አረንጓዴ አይደለም። ውስጡ ትንንሽ ክብ ነገሮች ይንሳፈፋሉ። ጤፍ ለሁለት ቢከፈል የሚያህሉ። በዓይን ይታያሉ! ያቺ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትዝ አለችኝ።

ማታ ልጁ ሊተኛ ሲገባው ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋር ተጣብቀን ቆምን። እዚህ ላይ የዕቃው ጉድ ይጀምራል። መብራቱ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያበራው። ለጨርቅ፣ ለቅጠል፣ ለትንኝ ጥሩ ነው። ውስጡ የሚያሳልፍ ነገር ላይ ግን ነጸብራቅ ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ውሃ ጠብታ ላይ ስታደርጉት ጠብታዋ መልሳ የራሱን መብራት ታሳያችኋለች። እንደ መስታወት።

የሠራሁት ዘዴ ይኸውላችሁ። የዕቃውን መብራት አጥፉ። የሌላ ስልክ ባትሪ መብራት አብሩና ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። በላዩ አንድ ነጠላ ሶፍት አልብሱት፤ ብርሃኑ እንዲለሰልስ። ሶፍቱ ላይ የብስኩት ማሸጊያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ አስቀምጡ። ጠብታዋን እዚያ ላይ። ብርሃን ከታች ሲመጣ ሁሉ ነገር ይለወጣል። አንድ ነገር ግን፤ የመሣሪያው አፍ ፕላስቲኩን ይነካል። የመጀመሪያዎቹን አራቱን ጨፍልቄ ገደልኳቸው። ከዚያ በጠብታዋ ግራና ቀኝ ፕላስተር ሁለት ሦስቴ ደራርቤ ለጠፍኩ፣ ከፍታ እንዲኖር። ተሳካ።

ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ። የሳሙና አረፋ የመሰለች ኳስ። ጥርት ያለች፣ ጠርዟ ብቻ የሚታይ። በአንድ ጎኗ እንደ ኮክ ፍሬ ስርጉድ አለች። ከስርጉዷ አንድ ጅራት ይወጣል፤ እጅግ በዝግታ፣ የተኛ ሰው እጁን እንደሚያነሳ ይነሳና ይወድቃል። ከስርጉዷ እስከ ጠርዟ ቀጫጭን ክሮች ተዘርግተዋል፣ እንደ ሸረሪት ድር። በክሮቹ መሃል አረንጓዴ ብናኝ ሞልቷል። አንዷ ሆድ ውስጥ ደግሞ ቡናማ ነገር አለ። ሰንሰለት ይመስላል። ክሊፑን ገጥሜ ስልኩ ላይ አጉልቼ አየሁት። ዳያተም ነው፤ የመስታወት ቅርፊት ያለው፣ ተያይዞ የሚኖር አልጌ። ውጣዋለች። ምሳዋ ነው።

ልጁ በኔና በስልኩ መሃል አንገቱን አስገብቶ "ተክል ናት እንስሳ?" አለኝ።

እኔም ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ወደ ታች እያሰመርኩ ኖርኩ። በግራ "አምራች"፣ በቀኝ "ተመጋቢ"። ተክልና አልጌ በብርሃን አስተፃምሮ ምግባቸውን ይሠራሉ፤ እንስሳ የተሠራውን ይበላል። ባህር ውስጥም እንዲሁ፤ ፕላንክተን ከሚባሉት በውሃ የሚንሳፈፉ ደቃቃ ፍጥረቶች ተክል መሰሉ ፕላንክተን ይሠራል፣ እንስሳ መሰሉ ፕላንክተን ይበላዋል። ዩግሊና የምትባል አንዲት መስመሩ ላይ ቁጭ የምትል ነበረች፤ እሷን "ልዩ ናት" ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋት ነበር። ፈተና ላይም የምትመጣው "ልዩ" ስለሆነች ነው። አሁን ብስኩት ፕላስቲክ ላይ የተቀመጠችው ኳስ አረንጓዴ ናት፣ ምሳም በልታለች።

ልጁን አስተኛሁት። እኔ ስልኬን ይዤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አነበብኩ።

ስሟ ኖክቲሉካ ነው፤ በላቲን የሌሊት ብርሃን ማለት ነው። ራሷ ክሎሮፊል፣ ብርሃን የሚይዘው አረንጓዴ ቀለም፣ የላትም። ያ አረንጓዴ ብናኝ ተከራይ ነው። ፔዲኖሞናስ ሲባሉ የኖሩ (አሁን ፕሮቶዩግሊና የሚሏቸው) ደቃቃ አልጌዎች በሺዎች ሆነው ሆዷ ውስጥ ይኖራሉ፤ እዚያው ይዋኛሉ፣ ፀሐይ ሲያገኙ ስኳር ይሠራሉ። ኪራዩን የሚከፍሉት በስኳር ነው ማለት ነው። እሷ ደግሞ በዚህ ላይ በዚያ የሚያጣብቅ ጅራቷ ዳያተሙን፣ ሌላውን አልጌ፣ የትንንሽ እንስሳት እንቁላልን ሳይቀር እየሰበሰበች ትውጣለች። ብርሃን ካለ ሳትበላ ብዙ ቀን ትቆያለች። ስትበላ ደግሞ ትፋፋለች። በሌላ አገር ባህር ያለችው እህቷ ቀይ ናት፤ ተከራይ የላትም፣ በመብላት ብቻ ነው የምትኖረው።

ጓሮዋ ጎመን ተክላ ቅዳሜ ደግሞ ዘንቢሏን ይዛ ገበያ የምትወጣ ሴት አስቡ። እሷ ናት።

ይህች ግን አንዷ ዓይነት ብቻ ናት። ያስደነገጠኝ የቀሩት ብዛት ነው። አንዳንዶቹ ክሎሮፊላቸው የራሳቸው ነው፣ የተወለዱበት፤ ሆኖም ይበላሉ። ሹካ የምትመስል ትሪፖስ ፉርካ የምትባል አለች። በዚያችው ጠብታ ውስጥ አግኝቻታለሁ፤ ሁለት ቀንድ ወደ አንድ ወገን፣ አንድ ቀንድ ወደ ሌላ። መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ተክል መሰል ተብላ ነው የምትሣለው። ሲሊየት የሚባሉ ፀጉራም ባለ አንድ ሴል ፍጥረቶችን ትበላለች። ስትበላ አላየሁም፤ በዚህ ዕቃ አይታይም።

ሌሎቹ ደግሞ ሌቦች ናቸው። ሜሶዲኒየም የሚባል ሲሊየት አልጌ ይበላና ሁሉን አይፈጭም። ክሎሮፕላስቱን፣ ክሎሮፊሉ ያለበትን ስኳር መሥሪያ፣ አስቀርቶ ራሱ ይጠቀምበታል። እንጀራ ሰርቆ ምጣዱንም ይዞ እንደመሄድ ነው። ዳይኖፊሲስ የምትባለው ደግሞ ትመጣና ሜሶዲኒየምን በቀጭን ቱቦ ትመጠዋለች፣ ያንኑ የተሰረቀ ክሎሮፕላስት ከሌባው ትሰርቃለች። ሌባን የሚሰርቅ ሌባ! ሰሌዳ ላይ ያሰመርኩት መስመር የት ሊገባ ነው?

ለምን እንደሚበሉ ስታውቁ ግን ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ፀሐይ የምትሰጠው እንጀራውን ነው። ስኳር ይሠራል፣ ጉልበት ይገኛል። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ብረት ግን ከብርሃን አይገኝም። የባህሩ ላይኛው ክፍል ደግሞ በብዙ ቦታ ብርሃን የሞላበት፣ ማዳበሪያ የሌለበት ነው። ደረቅ እንጀራ ስንት ቀን ይበላል? ጎረቤት ያለው ባክቴሪያ ግን ናይትሮጅኑንም ፎስፈረሱንም ተሸክሞ ይዞራል። ወጡ እሱ ነው።

አንድ ቁጥር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሚኻይል ዙብኮቭና ግሌን ታራን በፈረንጆች 2008 ያወጡት ጥናት ነው። በሰሜን አትላንቲክ በሞቃቱ ወራት፣ ብርሃን በሚደርስበት ውሃ ውስጥ፣ ከሚበላው ባክቴሪያ ከ40 እስከ 95 በመቶውን የሚበሉት ደቃቃዎቹ አልጌዎች ናቸው። ልብ በሉ፣ አልጌዎቹ! እኔ "አምራች" በሚለው ዓምድ ውስጥ የጻፍኳቸው። ስለዚህ ነገር የሚያጠኑ ሰዎች፣ እነ ኬቪን ፍሊንና አዲቲ ሚትራ፣ በ2019 ለብቻቸው ስም ይሰጣቸው ብለው "ሚክሶፕላንክተን" አሏቸው። ደሞዝ እየበሉ ጎን ለጎን የሚሸቅሉ ማለት ነው በኔ አማርኛ። ዳያተም ግን እንደ ጥንቱ ጨዋ ሆኖ ቀርቷል፤ በመስታወት ቅርፊት ተዘግቶ እንዴት ብሎ ይዋጥ።

ወደ ዕቃው ልመለስ።

ክሊፑ መጥፎ ነው። ስልኩን ይይዛል፣ ግን የስልኩን ካሜራና የማይክሮስኮፑን ዓይን ማገጣጠም የመርፌ ቀዳዳ በጨለማ እንደመፈለግ ነው። ካገኛችሁት አትተንፍሱ። ማስተካከያው ጎማ ልል ነው፤ ስታገኙት ራሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እኔ በላስቲክ ጠምጥሜ ነው ያቆምኩት። ባትሪው አሥራ አንድ ቀን ሠራ። ምትኩን ሩዊ ውስጥ ሰዓት ሠሪ ጋ አገኘሁ። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ጠላቱ ነው። አንዴ አፉ ላይ ጠብታ ነክቶት ደረቀ፣ ጨው ሠራበት። በሞቀ ውሃ ባረጠብኩት የጆሮ ጥጥ ቀስ ብዬ ጠረግኩት። በቀሚስ እንዳትጠርጉት፣ ይጫጫራል።

የማያሳየውንም ልናገር። ኖክቲሉካ ሆድ ውስጥ ያለው ፔዲኖሞናስ እያንዳንዱ አይታይም። አረንጓዴ ብናኝ ነው የሚታየው፤ አንዳንዴ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኛል፣ እጄ ይሁን እነሱ አላውቅም። ዳይኖፊሲስን ፈልጌ አላገኘኋትም፤ ባገኛትም ነጥብ ነው የምትሆነው። ባክቴሪያ ጭራሽ አትመኙ። ይህ ዕቃ ትልቁን ፕላንክተን ያሳያል፤ ከዚያ በታች ያለውን በንባብ ነው የምትሞሉት።

አንድ ሙከራ ልሠራ ብዬም ነበር። ውሃውን ለሁለት ጠርሙስ ከፈልኩት። አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ቁም ሳጥን ውስጥ። የመስኮቱ ከሰዓት በኋላ የሙስካት ፀሐይ አገኘውና ማታ ስመጣ ሁሉም ታች ወርደዋል። ቀቅያቸዋለሁ። በሚቀጥለው አርብ እንደገና ቀዳሁ። አሁን ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጥላ ቢጤ ውስጥ። ቁም ሳጥን ውስጥ የነበሩት በአራተኛው ቀን አብዛኞቹ ዘቅጠው ሽታው መጣ። እነዚህ ሆዳቸው ውስጥ አሞኒያ ይዘው ነው የሚንሳፈፉት፤ ሲሞቱ ያ ይወጣል፣ ያልጸዳ ሽንት ቤት ይሸታል። የመጋረጃዎቹ ዘጠኝ ቀን ቆዩ። አንድ ጠርሙስ ሙከራ አይባልም፣ አውቃለሁ። ሁለቱም ውስጥ የሚበላ ነገር ስለነበር ብርሃኑ ብቻ ነው ያቆያቸው ማለትም አልችልም። ተማሪዬ እንዲህ ጽፎ ቢያመጣልኝ ግማሽ ማርክ ነበር የምሰጠው። ግን ደስ አለኝ።

መሃል ላይ አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ሦስተኛ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ፣ እርጎው አጠገብ አስቀምጬ ነበር። ማዳሜ አገኘችው። አልጮኸችም። ጠርሙሱን በሁለት ጣት ይዛ መጣችና "ይህ ከናንተ አገር የመጣ መድኃኒት ነው?" አለችኝ። ከባህራችሁ ነው አልኳት። ማመን አልቻለችም። ያን ማታ መታጠቢያ ቤት ይዣቸው ገባሁ፣ እሷንና ልጁን፤ መብራት አጠፋሁ። ዓይናችን እስኪለምድ ጠብቀን ጠርሙሱን ነቅነቅ አደረግኩት። ሰማያዊ ብልጭታ። ውሃው ራሱ የፈነዳ ይመስል። ልጁ ጮኸ። ማዳሜ "ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት። በማግስቱ ፍሪጁ ውስጥ ከታች ለጠርሙሴ ቦታ ተሰጠኝ።

የዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሔልጋ ጎሜስና ጆአኪም ጎስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን ባህር ለዓመታት አጥንተዋል። በ2014 እንደጻፉት፣ በብርዱ ወራት የዓረቢያን ባህር የሚያለብሰው ዳያተም ነበር። ከ2000 ወዲህ ነው ኖክቲሉካ ቦታውን የያዘችው። አንዱ ምክንያት ኦክስጅን ያነሰው ውሃ ወደ ላይ መምጣቱ ነው አሉ። በ2020 ደግሞ የሂማላያን በረዶ ጨመሩበት። በረዶው ሲያንስ ከዚያ የሚነፍሰው የብርዱ ወራት ነፋስ ይሞቃል፣ ይረጥባል፤ ባህሩን እንደ ድሮው አያማስለውም፤ ማዳበሪያው ከታች አይወጣም። በፀሐይና በማዳበሪያ ብቻ የሚኖረው ዳያተም በረሃብ ይጎዳል። ሁለት ገቢ ያላት ኖክቲሉካ አትራብም፤ እንዲያውም የተዳከመውን ዳያተም ትበላዋለች። የምንወደው ዓሣ ደግሞ እሷን አይበላም፤ የሚበሏት ጄሊፊሽና መሰሎቹ ናቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ያወዛወዙት ለዚህ ይሆናል።

ነገሩ እስከ ቧንቧችን ይደርሳል። በ2008 እና በ2009 ኮክሎዲኒየም የተባለ ሌላ ዓይነት፣ እሱም አረንጓዴ ሥራ እየሠራ የሚበላ፣ ከኦማን እስከ ባህረ ሰላጤው ውስጥ ከስምንት ወር በላይ ባህሩን አቀላው። ዓሣ ጨረሰ። የባህር ውሃ አጣርተው መጠጥ የሚያደርጉ ጣቢያዎች ማጣሪያቸው ተዘግቶ ሥራ ያቆሙ ነበሩ። እዚህ የምንጠጣው፣ የምንቀቅልበት፣ ቡና የምናፈላበት ውሃ አብዛኛው ከባህር የሚጣራ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ባህሩ አረንጓዴ ሲሆን ሁለት ጀሪካን ሞልቼ አስቀምጣለሁ። ማዳሜ ትስቅብኛለች።

እንግዲህ ይገዛ አይገዛ? ለልብስ፣ ለቅጠል፣ ለልጅ ራስ ቅማል ከሆነ ይገዛ፤ ያለ ምንም ዘዴ ይሠራል። ለውሃ ከሆነ ከታች የሚያበራ ሌላ መብራት፣ ሶፍት፣ ፕላስተርና ትዕግሥት አዘጋጁ። ትዕግሥት ከሌላችሁ ገንዘባችሁን አጠራቅማችሁ ደህናውን ግዙ። እኔ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለስላይዱ ነው፣ አንዱን ለክሊፑ። ባትሪውን በምሕረት አልፌዋለሁ።

የኳሷን ፎቶ ደሴ ለቀረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላክሁለት፤ አሁንም እዚያው ያስተምራል። ድምፅ መልእክት አድርጌ ሁሉን ነገርኩት፤ ተከራዩን፣ ሌባውን፣ ዳያተሙን። ሁለት ቀን ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ "ጉድ ነው እህቴ። ግን ፈተና ላይ በየትኛው ዓምድ ይጻፉ?"

ሌላ አንድ አዝዣለሁ። ግንቦት ላይ ወደ ኮምቦልቻ የምትሄድ ልጅ አለች፤ እሷ ትወስድልኛለች። ከረጢቱ ውስጥ ፕላስተር፣ የተቆረጠ የብስኩት ፕላስቲክና አሥራ ሁለት የሰዓት ባትሪ ጨምሬበታለሁ።